ከበሬሳ ዳር፦ የነዋሪዎች ማኅበር ለወንዝ ዳር አቤቱታ የሚሰጠው አገልግሎት ሲመዘን

ደብረ ብርሃን ላይ በበሬሳ ወንዝ ዳር ሊሠራ የታሰበ የመኖሪያ ቤት ሳይት ያሳሰበው ሰው የሚያንኳኳው በር ሦስት ነው፦ ቀበሌ፣ ጠበቃ፣ አለዚያም የነዋሪዎች ማኅበር። እዚህ የምንመዝነው ሦስተኛውን ነው። ማኅበሩን በስም አንጠራም። ሥራው ሰነድ ማንበብ፣ ወንዝ ወርዶ መለካት፣ አቤቱታ መጻፍና በሕዝብ ውይይት ላይ ቆሞ መናገር ነው። ለአገልግሎቱ አይከፈልም፤ ባለጉዳዩ የሚችለው የፎቶ ኮፒውን፣ የችካሉን እንጨትና ሜትር የሚይዙለትን ሁለት ሰዎች ብቻ ነው።

ፍርዳችንን አናቆየውም። ማኅበሩ በሜትር ጠንካራ፣ በቀን ደካማ ነው። ወንዙ የት ድረስ እንደሚወጣ አጥርቶ ያሳያል፤ ያንን የሚያሳየው ወረቀት ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ መዝገብ ቤት ይደርሳል። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ደግሞ ትክክለኛ ልክ በዘገየ ደብዳቤ ውስጥ ምንም አይፈይድም።

ከጠንካራው ጎን እንጀምር። በሬሳን በበጋ ያየ ሰው አይፈራውም፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ውሃ ነው። ክረምቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲበረታ ግን ሌላ ወንዝ ይሆናል። በአካባቢው የበዛው ጥቁር መረሬ አፈር አንዴ ውሃ ከጠገበ አያሰርግም፤ የዘነበው ሁሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በሬሳ ወርዶ ከጀማ ይገናኛል፣ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ወንዝ ዳር የተደፋ አፈርና ፍሳሽ የታችኛው ገበሬና የከብቱም ጉዳይ ነው። ሳይት የሚታየውና ችካል የሚተከለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ነው፤ መሬቱ ደርቆና ተሰንጥቆ፣ ሜዳ መስሎ ሳለ።

ማኅበሩ ይህንን ክፍተት የሚሞላው በጎርፍ ምልክት ነው። መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል፣ ወንዙ ይዞት የመጣው ገለባ፣ ጭራሮና ላስቲክ በባሕር ዛፍ ግንድና በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያ መስመር የዚያ ክረምት ከፍተኛው ውሃ ነው። በቀለም ምልክት ይደረግበታል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶው ውስጥ ቀን የተጻፈበት ወረቀትና የተዘረጋ ሜትር መታየት አለበት። ጥቅምት ካለፈ ነፋሱም ከብቱም ምልክቱን ያጠፋዋል፤ ታኅሣሥ ላይ «ኑና እዩልን» ብሎ መጥራት ከንቱ ድካም ነው።

ለቆየ ጎርፍ የሚጠየቁት ሽማግሌዎች ናቸው። የማኅበሩ ልጆች የሚጠይቁበት መንገድ ሊመሰገን ይገባል። «አባቴ፣ ጎርፉ እዚህ ይደርሳል?» አይሉም፤ እንዲህ የተጠየቀ አባት እንግዳውን ላለማሳዘን «አዎ ልጄ» ብሎ ያልፋል። «አባቴ፣ ውሃው በበረታበት ክረምት ከብቱን ወዴት አወጡት? እርስዎስ የት ቆመው አዩት?» ይላሉ። ሦስት ሰው ለየብቻ ይጠይቃሉ፣ እያንዳንዱ ያሳየውን ቦታ ችካል ይተክሉበታል፤ የሦስቱ ችካሎች ከፍታ ከግማሽ ሜትር በላይ ከተለያየ ምልክቱን ይተዉታል። ይህ ጥንቃቄ ብዙ አቤቱታ ያድናል፤ አንድ የተጋነነ ምልክት ከተገኘ ሌላው እውነት ሁሉ አብሮ ይጣላልና።

ከፍታውን ከምልክቱ ወደ ሳይቱ ችካል የሚያሻግሩት ግንበኛ በሚጠቀምበት ቱቦ ውሃ ልክ፣ ማለትም ውሃ በተሞላ፣ ውስጡ በሚታይ ቀጭን ቱቦ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፣ ማንም ይይዘዋል፣ በአግባቡ ከተያዘ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። የሚበላሸው በአየር ነው፤ ቱቦው ውስጥ አንድ አረፋ ከቀረ ሁለቱ ጫፎች እኩል አይቆሙም። ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት ሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን አቁመው ውሃው እኩል መሆኑን ያያሉ፣ በየጥቂት ርምጃውም ይደግሙታል። ከዚያ ከወንዙ ተነስተው እስከ ችካሉ ለክተው፣ በሌላ መንገድ ወደ መነሻው ይመለሳሉ። መነሻው ላይ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ልዩነት ከመጣ ሥራው ከአዲስ ይጀመራል። ወደ መነሻው ያልተመለሰ ልክ ከማንም ቢመጣ አትቀበሉ።

ርቀት ላይ የሚሠራው ስሕተት ሌላ ነው። ሜትር ተዳፋቱን ተከትሎ ከተጋደመ ርቀቱን ያበዛል። በ10 ሜትር ውስጥ 3 ሜትር በሚወርድ ዳገት ላይ እውነተኛው አግድም ርቀት 9.54 ሜትር ነው፤ በየ10 ሜትሩ 46 ሴንቲሜትር ይሰረቃል። ከወንዙ አፋፍ እስከ ቤቱ 30 ሜትር ነው ሲባል፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሌለ መሬት ተቆጥሯል ማለት ነው። ሜትሩ በአግድም ተወጥሮ፣ ጫፉ በቱንቢ ወደ መሬት መውረድ አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ጠንቅ የስልክ ጂፒኤስ ነው። በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሜዳ ላይ እንኳ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል፤ ከፍታን ሲያነብ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጭቅጭቁ በ10 ሜትር ስፋት ባለው የወንዝ ዳርቻ ላይ ከሆነ በስልክ የተነሳ ነጥብ ማስረጃ አይሆንም። ሌላም አለ፤ ብዙዎቹ የቆዩ የመሬት ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መሠረት ነው፣ ስልኩ ግን በሌላ መሠረት ያነባል። የሁለቱ ልዩነት በኢትዮጵያ 200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሳይቱ ወንዙ ውስጥ የገባ መስሎ የታየባቸው ስዕሎች ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ናቸው። ማኅበሩ ይህንን ያውቃል፤ ካርታ ሲያነብ በመጀመሪያ የሚመለከተው ጥጉ ላይ የተጻፈውን የመለኪያ መሠረትና የዞን ቁጥር ነው። የኛ ዞን 37 ነው።

ልኩ ከተያዘ በኋላ የሚሠሩት ስሌት ቀላልና አስተማሪ ነው። ሳይቱን አቋርጦ ወደ ወንዙ የሚገባ ቦይ አለ እንበል። ዝናብ በጣለ ቀን፣ ውሃው ውስጥ ሳይገቡ፣ ዳር ቆመው ጭራሮ ይጥላሉ፤ 10 ሜትር ለመሄድ 5 ሰከንድ ከፈጀበት ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ነው። የላዩ ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.85 ያባዙታል፣ 1.7 ይሆናል። የውሃው ስፋትና ጥልቀት ተባዝቶ 3 ካሬ ሜትር ቢሆን በሰከንድ 5 ሜትር ኩብ ያህል ያልፋል። በሳይት ፕላኑ ላይ ለዚያ ቦይ የተሳለው ቱቦ ዲያሜትሩ 1 ሜትር ከሆነ፣ ውሃው በሰከንድ 2.5 ሜትር ቢፈጥንበት እንኳ የሚያሳልፈው 2 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። የቀረው 3 ሜትር ኩብ በየቤቱ በር ያልፋል። ይህ አንድ አንቀጽ በውይይት ላይ ከአምስት ገጽ ምሬት የበለጠ ይደመጣል።

ጣሪያውንም ይቆጥራሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 100 ሊትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር በጣለ ከሰዓት ከ200 ቤት 600 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል፤ ቀድሞ ሣሩ የሚያዘገየው ውሃ አሁን በቆርቆሮና በኮብል ድንጋይ ተንሸራቶ ባንድ ጊዜ ወንዙ ይደርሳል። ሴፕቲክ ታንክም እንዲሁ ነው። መረሬ አፈር ፍሳሹን ስለማይመጥ ጉድጓዱ ክረምት ላይ ይሞላል፣ ሞልቶም ወደ ወንዙ ይፈሳል። ከጉድጓድ ውሃ በተለምዶ የሚጠበቀው 30 ሜትር ርቀት በጠባብ ቦታዎች ላይ ይጠፋል። ማኅበሩ በእያንዳንዱ ካርታ ላይ የሴፕቲኩን ቦታ በቀይ ያከብባል፤ ጥሩ ልማድ ነው።

የደከመበት ቴክኒካዊ ነጥብ አንድ ነው፤ የጋቢዮን ግድግዳ። አልሚው «ጋቢዮን እንሠራለን» ሲል ማኅበሩ ቶሎ ይረካል። 2 ሜትር በ1 በ1 የሆነው የሽቦ ሳጥን ድንጋይ ተሞልቶ ሲደረደር ጠንካራ ይመስላል፤ የሚወድቀው ከላይ ሳይሆን ከእግሩ ነው። ውሃው ሥሩን ይቦረቡረዋል፣ ሳጥኑ ወደ ወንዙ ይጎነበሳል፣ ከኋላው ያለው አፈርም በድንጋዩ መሀል ሾልኮ ይሄዳል። መጠየቅ ያለበት ወደ ወንዙ የሚዘረጋ የእግር ምንጣፍ አለው ወይ፣ ከኋላውስ አፈሩን የሚያግድ ማጣሪያ ጨርቅ አለው ወይ የሚለው ነው። በስዕሉ ላይ ሁለቱ ካልታዩ ግድግዳው ተስፋ እንጂ መከላከያ አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እዚህ ነው ማኅበሩ ባለጉዳዩን የሚጎዳው።

ማኅበሩ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው «በወንዝ ዳር ቤት መሥራት በሕግ ክልክል ነው» ብሎ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 እንዲህ በደፈናው አይልም። የሚመለከተው አካል የውሃውን ዳርቻ ወሰን ሊከልል፣ በተከለለውም ውስጥ ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን ሊከለክል ይችላል ይላል። ክልከላው የሚቆመው በተከለለው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ክስ ሳይሆን ጥያቄ መሆን አለበት፦ በዚህ ሳይት በኩል የወንዙ ዳርቻ ተከልሏል ወይ? ከተከለለ የመስመሩ ነጥቦች ይሰጡን፤ ካልተከለለ ቦታው ከመሸንሸኑ በፊት ይከለልልን። ይህ ጥያቄ ለመመለስ ቀላል፣ ለመሸሽ ከባድ ነው። በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ የእንባ ጠባቂ ተቋም በር አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መዋቅራዊ ፕላኑ፣ የከተማው መሬት ለምን ለምን እንደሚውል በቀለም ስለሚያሳየው ካርታ ነው። ቦታው በፕላኑ ላይ ምን ቀለም ነው? አረንጓዴ ከነበረና ወደ መኖሪያ ከተለወጠ፣ በየትኛው ቃለ ጉባኤ ተለወጠ? የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ሕዝቡ እንዲወያይ ያዛል፤ ውይይቱ ከተደረገ ቃለ ጉባኤውና የተሰብሳቢው ፊርማ ይኖራል። ሦስተኛው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ነው። በአዋጅ 299/1995 መሠረት የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰበሰብበታል። ሪፖርቱ ካለ ቅጂውን፣ ግምገማ አያስፈልገውም ከተባለም ይህንን ያለውን ደብዳቤ መጠየቅ ይገባል። ማኅበሩ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ባንድ ደብዳቤ ያጭቃቸዋል። ሦስቱ ለሦስት መሥሪያ ቤት ናቸው፤ ባንድ ላይ ሲጻፉ እያንዳንዱ «የእኔ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል።

ከዚህ የሚብሰው የወንዙን ጉዳይ ከካሳ ጋር መቀላቀሉ ነው። በከተማው ዳር ገብስና ባቄላ የሚያመርት ገበሬ መሬቱ ለሳይት ሲወሰድ የሚያነሳው ቅሬታ በአዋጅ 1161/2011 የሚሄድ የራሱ መንገድ አለው። የማስለቀቂያ ትእዛዙ ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማቅረብ አለበት፤ ውሳኔው ካላረካው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ። አዋጁ በቋሚነት ለሚነሳ የገጠር ባለይዞታ የልማት ተነሺ ካሳን የሚያሰላው ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ስለወጣለት የማሻሻያውን ቅጂ አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ክርክሩ ስለ ምርት መጠንና ስለ ገበያ ዋጋ ነው። ይህ ሰው «ወንዙ ይጠበቅ» በሚል የጋራ አቤቱታ ላይ ፈርሞ ቤቱ ከተቀመጠ የራሱ 30 ቀን ያልቃል። ማኅበሩ እንዲህ ያለውን ሰው በመጀመሪያው ቀን ለይቶ «እርስዎ የእርስዎን ለየብቻ ያስገቡ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ» ሊለው ይገባል። አይለውም። ይህ ትልቁ ጥፋቱ ነው፤ ድሃ ገበሬ የሚከፍልበት ጥፋት ነው።

ቀን አቆጣጠሩም ራሱ ያሳስታል። 30 ቀን ማለት አንድ ወር ማለት አይደለም። ትእዛዙ ነሐሴ 20 የደረሰው ሰው እስከ መስከረም 20 ጊዜ ያለው ይመስለዋል። ከነሐሴ 10 ቀን፣ ከጳጉሜን 5 ቀን ሲቆጠር 30ው የሚሞላው መስከረም 15 ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት መስከረም 14። በዚያ መካከል ዘመን መለወጫ አለ፤ ማኅበሩ በበዓሉ ሰሞን ቢሮውን ይዘጋል። ደብዳቤ ስትቀበሉ ከፊርማችሁ ጎን የተቀበላችሁበትን ቀን በእጃችሁ ጻፉ። ስታስገቡም መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋችሁ፣ ቁጥሩና ቀኑ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ በእጃችሁ ይቅር። ለኃላፊው በእጅ የተሰጠ ወረቀት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

ስለ ብክለት ሌላ በር አለ፣ ማኅበሩም አይጠቀምበትም። በአዋጅ 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን ስለሚጎዳ ድርጊት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የግንባታ አፈር ወንዝ ውስጥ ሲደፋ ለታችኛው ተጠቃሚ የሚመቸው መንገድ ይህ ነው።

ማን በማን ስም ይቆማል የሚለውም አይናቅ። ብዙ ጊዜ አቤቱታው በእድር ማኅተም ይወጣል። እድር ሰው ይሰበስባል፣ ክብርም አለው፤ ዳኛ ፊት ግን «ማን ወከላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርንና ዕቁብን አይመለከትም፤ በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ የአገር ውስጥ ማኅበርም የሚመዘገበው በክልሉ ነው። ስለዚህ ማኅበሩን «የክልል ምዝገባችሁ ታድሷል ወይ? መተዳደሪያ ደንባችሁስ ስለ አካባቢና ስለ መኖሪያ ጉዳይ እንድትከራከሩ ይፈቅዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማኅበር የአባላቱን የጋራ ጥቅም ወክሎ ፍትሕ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም በቁጥር 38 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በአንዱ እንዲወከሉ መንገድ ይሰጣል። ሁለቱም ግን የአባላት ዝርዝርና ፈቃድ ይፈልጋሉ። በባዶ ወረቀት ላይ አስቀድሞ የተሰበሰበ ፊርማ አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ ገጽ ከላይ ጉዳዩ ሊጻፍበት ይገባል።

በሕዝብ ውይይት ላይ ማኅበሩ ደኅና ነው። ተናጋሪው አጭር ይናገራል፣ ስዕሉን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ሽማግሌዎቹን ያስቀድማል። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል፤ ስብሰባው ከመበተኑ በፊት የተናገረው ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን አያረጋግጥም። ያልሰፈረ ንግግር ከአዳራሹ በር አይወጣም።

በዚያ አዳራሽ በሌላው ወገን የሚቀመጡት ባዕዳን አይደሉም። ለዓመታት በየወሩ ቆጥበው በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ቦታ የሚጠብቁ መምህራን፣ ነርሶችና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ቤት መፈለጋቸው ጥፋት አይደለም፣ ሊከበር የሚገባው ጥያቄ ነው። ማኅበሩ ይህንን የሚረዳበት ጊዜ ውጤታማ ይሆናል። «ሳይቱ ይሰረዝ» ሲል በሁለቱም በኩል ጠላት ያፈራል። «ወደ ወንዙ የቀረበው ረድፍ ከጎርፉ ምልክት በላይ ወዳለው ቦታ ይዛወር፤ ያጣነው ቦታ ከላይ በኩል ብሎኮቹን አንድ ፎቅ በመጨመር ይካካስ» ብሎ ስዕል ይዞ ሲመጣ ግን መሐንዲሶቹ ራሳቸው ወረቀቱን ተቀብለው ያዩለታል። በዝቅተኛው ቦታ ላይ ቤት ከተሠራ በመጀመሪያው ክፉ ክረምት የሚያለቅሰው ያው የቆጠበው ሰው ነውና፣ ይህ ለእርሱም መሟገት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚዎች መካከል ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው በዚያ ሳይት ቦታ የሚጠብቅ፣ አለዚያም አጠገቡ መሬት ያለው ሊኖር ይችላል። ከተማው ትንሽ ስለሆነ ይህ አያስገርምም። ግን አስቀድሞ ይነገር፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሥፈር፣ ያ ሰው በዚያ ጉዳይ ድምፅ አይስጥ። ሳይነገር ቆይቶ በሌላ ሰው አፍ ከወጣ ልኩም ስሌቱም ይጠረጠራል።

እንግዲህ ወደ ማኅበሩ የምትሄዱ፣ ጎርፍና ፍሳሽ የሚያሳስባችሁ ሰዎች፣ ሂዱ፤ ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው። የይዞታ ደብተራችሁን ወይም ካርታችሁን ኮፒ፣ የደረሳችሁን ደብዳቤ ሁሉ፣ ያላችሁን የክረምት ፎቶ ያዙ፤ ፎቶው መቼ እንደተነሳ ከጀርባው ጻፉበት። የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሳችሁ ግን መጀመሪያ ቅሬታችሁን ለየብቻ ጽፋችሁ ገቢ አስደርጉ፣ ከዚያ ወደ ማኅበሩ እለፉ። ለመለካት የምትፈልጉ በነሐሴ ቀጠሮ ያዙ፤ ቱቦውና ሜትሩ አንድ አንድ ብቻ ስለሆነ መስከረም ላይ ወረፋው ይበዛል፣ ምልክቱም በባሕር ዛፉ ላይ ብዙ አይቆይም።